ሦስት ሰው፣ አንድ ኮምፒውተር

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 3

ልዩ ነገር የለም። የደረጃው አምፖል ተቃጠለ፤ አማቴ፣ የባለቤቴ እናት፣ በካርታ ጨዋታ ኮምፒውተሩን አሸነፉት።

ለምሠራበት ቤተ መጻሕፍት በስጦታ ከመጡት መጻሕፍት አንዱን ቤት ይዤ መጣሁ። ሳይመዘገብ መውጣት የለበትም። መጀመሪያ አንብቤ ልመድበው ብዬ ነው... ይህን ምክንያት ሌላ ሠራተኛ ቢያቀርብልኝ በዓይኔ ብቻ እመልሰው ነበር። ርዕሱ «ኮምፒውተርዎን ይግሩ»። የዴስክቶፕ አያያዝ ምክሮች። ደራሲው በየገጹ ይቆጣል። ገና በመግቢያው «የዴስክቶፕዎ መልክ የአእምሮዎ መልክ ነው» ይላል።

የኛን ከፍቼ አየሁት። የባለቤቴ የእጅጌና የአንገትጌ ንድፎች። ጀምሬ የተውኳቸው ጽሑፎቼ። የአማቴ ካርታ በሦስት ቦታ፣ አንዱ ቢጠፋ ብለው። «አዲስ ፎልደር» የሚባል መዓት ነው። አንዱን ከፈትኩ፤ ውስጡ «አዲስ ፎልደር»። እሱን ከፈትኩ፤ ባዶ።

የአእምሮዬ መልክ ይህ ከሆነ... ሰው ፊት ባልቀርብ ይሻላል።

እሑድ፣ ጥቅምት 4

ሳስተካክል ዋልኩ። ምዕራፍ አንድ፦ ዴስክቶፑ ላይ ከአንድ እጅ ጣቶች የበለጠ ነገር አይኑር። ሁሉንም ፎልደር ውስጥ ከተትኩ፤ ፎልደሮቹን እንደ ቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ በቁጥር መደብኩ። ልብስ ስፌት 646። ካርታ ጨዋታ 795። ጨርሼ ወንበሬን ወደ ኋላ ገፋ አድርጌ አየሁት። ዓለም ቢያንስ በዚህች መስኮት በኩል ሥርዓት ያዘች።

ማታ ባለቤቴ ልትሠራ ተቀመጠች። ልብስ ስፌት ቤት ነው የምትሠራው፤ ንድፍ ታወጣለች፣ ትቆርጣለች። ቀን ያልጨረሰችውን ማታ እዚህ ትጨርሳለች።

«እጅጌዬ የታለ?»

«646 ውስጥ።»

ቀስ ብላ ዞረች። «ምን ውስጥ?»

«ማንኛውም የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ሳይጠይቅ ያገኘዋል።»

«እሺ፣ አንዱን ጥራልኝና ይፈልግልኝ።»

አማቴ ከሶፋው ላይ፦ «የኔንስ ካርታ የት አደረስከው?» ቁጥሩን ነገርኳቸው። ለልጃቸው በሹክሹክታ፣ እኔም እንድሰማው አድርገው፦ «ያመዋል እንዴ?»

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 6

ምዕራፍ ሁለት፦ መልክና ቀለም። «ጀርባው ዓይን የማይስብ ይሁን» ይላል። የአማቴን ጽጌረዳ አንስቼ ግራጫ አደረግኩት። ገብተው አይተው «ሞተ?» አሉ። አልሞተም፤ አደብ ገዛ እንጂ ብዬ አስረዳሁ። አልተጽናኑም።

ለካሳ ያህል ፊደሉን አተለቅኩላቸው። ትንሽ ሳላበዛው አልቀረሁም። አሁን አንድ ቃል ብቻውን የስክሪኑን ግማሽ ይይዛል። እሳቸው ግን መነጽራቸውን አውልቀው ማንበብ ጀመሩ። ባለቤቴ የሥራ መልእክት ስትከፍት «ውድ» የሚለው ቃል ፊቷ ላይ ድቅን አለ። የተቀረውን ለማግኘት ገጹን ብዙ ማንከባለል ነበረባት።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 8

ጽጌረዳው ተመልሷል። እጅጌዎቹ ከ646 ወጥተው ዴስክቶፑ ላይ ተበትነዋል። ማን እንደነካው ጠየቅኩ። ማንም። ሁለቱም ሻይ እየጠጡ ነበር። እንዲህ ንጹሕ የሆኑ ሁለት ፊቶች ባንድ ጊዜ አይቼ አላውቅም።

ወደ ምዕራፍ አራት ልሂድ መሰለኝ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 10

ምዕራፍ አራት ድንቅ ነው። ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል የራሱ አካውንት። በስሙ ይገባል፤ ጽጌረዳ ቢል ጽጌረዳ፣ ግራጫ ቢል ግራጫ። ማንም የማንንም አይነካም። ከነዚህ መካከል አንዱ አስተዳዳሪ ይሆናል፤ ፕሮግራም የመጫንና የማጥፋት ሥልጣን የሱ ነው። የቀሩት ተራ ተጠቃሚ ናቸው።

ሦስቱንም ከሰዓት በኋላ ፈጠርኩ። የአማቴን ስሠራ ትከሻዬ ላይ ቆመው ስለ ጉልበታቸው ያወሩኝ ነበር፤ እንዴት እንደጨረስኩት እንኳን አላስታውስም። የይለፍ ቃል ምን ላድርግልዎ ስላቸው፣ «እኔ ምን የምደብቀው አለኝና?» ባዶውን ተውኩት።

እራት ላይ አዲሱን ሥርዓት አስታወቅኩ።

«ተራ?» አለች ባለቤቴ።

«የሙያ ቃል ነው።»

«እኔ ተራ፣ አንተ አስተዳዳሪ።»

«አንድ ሰው መሆን ስላለበት...»

«ማን መረጠህ?»

ይህን ምዕራፉ አያነሳውም።

ሰኞ፣ ጥቅምት 12

ከሥራ ስመለስ ኮምፒውተሩ ላይ አዲስ የንድፍ መሥሪያ ፕሮግራም ተጭኗል። ያለ እኔ የይለፍ ቃል አይጫንም።

«እንዴት ገባሽ?»

«ፓስወርድህ የተወለድክበት ዓመት ነዋ። ሌላ ምን ታስባለህ?»

ዋጥ አድርጌው ወደ አካውንቴ ገባሁና ቀየርኩት። ስወጣ ቀና ሳትል፣ «አሁን ደሞ የኔን ዓመት አደረግከው» አለች።

አድርጌው ነበር። ተመልሼ ሌላ አደረግኩ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 14

ባለቤቴ ዛሬ ጫማዋን ሳታወልቅ ነው ሳሎን የገባችው። ስልኩን ዘረጋችልኝ። የሙያ ማሠልጠኛው መልስ ሰጥቷል። አስተማሪ ለመሆን ያመለከተችበት ነው፤ ተስፋ ቆርጣ ማንሳት ካቆመች ቆይታለች። የሐሙስ ሳምንት፣ ጥቅምት 22፣ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ በቪዲዮ ይፈትኗታል። እያስረዳች የእጅጌ ንድፍ እዚያው ስክሪኑ ላይ ማውጣት አለባት፤ ስለዚህ በስልክ አይሆንም፣ ከኮምፒውተር ነው። ከቀረች ወይም ካልተገናኘች ቦታው ለሚቀጥለው ሰው ይሰጣል።

ምን ያህል እንደምትፈልገው አውቃለሁ። ስፌት ቤቱ መስኮቱ የማይከፈት ክፍል ነው። ባለቤቱ የሷን ንድፎች ለደንበኛ ሲያሳይ «እኔ ያሰብኳት» ይላል፤ እሷ አጠገቡ መርፌ በአፏ ይዛ ትሰማለች። «እዚያ ቤት ካረጀሁ ሰው ሆኜ አላረጅም» ብላኝ ታውቃለች።

አማቴ አለቀሱ። ከዚያ ወደ ጨዋታቸው ተመለሱ። ካርታ አይደለም፤ ዓሣ የሚያጠምድ ሰውዬ ነው። ይህን ደግሞ ከየት አመጡት?

«ራሱ መጣ» አሉ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 17

ባለቤቴ ጠዋት መጣች። የፈተናው የቪዲዮ ፕሮግራም መጫን አለበት፤ የይለፍ ቃልህን ጻፍልኝ አለች። በጨዋ ደንብ። «እባክህ» ሁሉ ብላለች።

«ጥያቄሽ ለሚመለከተው ክፍል ቀርቧል» አልኩ። «በቅደም ተከተሉ ይታያል።»

ቀልድ ነበር... መሰለኝ። አልሳቀችም። ቆም ብላ አየችኝና ሄደች። ነገ ጠዋት ጭኜ አስደንቃታለሁ።

ምሽት ላይ ምዕራፍ ስድስትን አነበብኩ፤ የይለፍ ቃል። «የቅርብ ሰው እንኳን የማይገምተው ይሁን።» የቅርብ ሰው! ይህ ደራሲ ሚስት አለችው። የባዕድ ፊደል ለምን እጠቀማለሁ ብዬ በራሳችን ፊደል አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር አደረግኩ። ረጅም፣ ያማረ፣ በአራት ነጥብ የተዘጋ። ማረጋገጫ ብሎ ደግሞ ጠየቀኝ፤ ደግሜ ጻፍኩ። ተቀበለኝ። ኮምፒውተሩን አጥፍቼ በኩራት ተኛሁ።

እሑድ፣ ጥቅምት 18

ጉድ ፈላ።

ማለዳ ልጭንላት ተነሳሁ። ስሜን ተጫንኩ፤ የይለፍ ቃል ጠየቀኝ፤ ያንን ያማረ ዓረፍተ ነገር ጻፍኩ። ተሳስተዋል። ደገምኩ። ተሳስተዋል። ቀስ እያልኩ፣ ጣቴን እያየሁ። ተሳስተዋል።

ምን ሆነ? ለካ... እጄን ከኪቦርዱ ላይ አንስቼ ቁጭ አልኩ። የአማርኛ መጻፊያው ራሱን የቻለ ፕሮግራም ነው። የሚነሳው እኔ ከገባሁ በኋላ ነው። በሩ ላይ የለም። በሩ የሚያውቀው የባዕዱን ፊደል ብቻ ነው። ለመግባት አማርኛ ያስፈልጋል፤ አማርኛው ያለው ውስጥ ነው።

ቁልፉን ቤት ውስጥ ትቶ በሩን ገጭ ያደረገ ሰው አውቃለሁ። በሩን በቋንቋ የቆለፈ ግን ከራሴ ሌላ አላውቅም።

ባለቤቴ ከመኝታ ቤት፦ «ምን እየሠራህ ነው?»

«ምንም።» እውነቴን ነው።

ሰኞ፣ ጥቅምት 19

ረቡዕ እጭንልሻለሁ አልኳት። እሺ አለች። እንዲህ በቀላሉ አመነችኝ።

በምሳ ሰዓት አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ወዳለው ኮምፒውተር ጠጋኝ ሄድኩ። ነጭ ጋወን ለብሶ ስለሚሠራ ሁሉም ዶክተር ይለዋል፤ እሱም አይከለክልም። አስረዳሁት። ከት ብሎ ሳቀ፣ ዓይኑን ጠረገ፣ አጠገቡ ለነበረችው ደንበኛ ደግሞ ነገራት። እሷም ሳቀች።

«ጋሼ፣ እንዲህ ያለ በሽታ አይቼ አላውቅም። ምን ብለው ነበር የጻፉት?»

«አልናገርም።»

«ሁሉን ነገር አጥፍቶ እንደ አዲስ መጀመር ይቻላል። ዛሬ ያምጡት።»

«የባለቤቴ ንድፎች አሉበት።»

«እንግዲያው ሳይጠፋ የሚከፈትበትን መንገድ መፈለግ አለብኝ። ጊዜ ይፈልጋል። ቅዳሜ?»

ቅዳሜ! ፈተናው ሐሙስ ነው። የቤተ መጻሕፍቱን ኮምፒውተሮች አሰብኩ። ካሜራ የላቸውም። ካሜራ እንዳይገባላቸው ደብዳቤ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ አንባቢ ይረበሻል ብዬ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 20

በባዕድ ፊደል ሞከርኩ። አማርኛውን የምጽፍባቸውን ቁልፎች በቅደም ተከተል። ያለ አራት ነጥብ። ከአራት ነጥብ ጋር። በለሆሳስ እያነበብኩ። ምንም።

አማቴ ከኋላዬ፦ «ካርታዬን ልጫወት ነው፤ ከሱ ጋ ስትጨርሱ ንገረኝ።» ተነሳሁላቸው። የሳቸውን ስም አንዴ ነክተው ገቡ። እንደ ሰፈር ሱቅ። ዓሣ አጥማጁ ላይ ደግሞ አሁን ከረሜላ የሚያፈነዳ ጨምረዋል።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 21

ነገርኳት። መቼም ከዚህ በላይ ማዘግየት አይቻልም። ቁጭ ብዬ የመጻፊያ ፕሮግራም እንዴት እንደሚነሳ፣ የመግቢያው ገጽ ለምን ከሱ እንደሚቀድም፣ ጥፋቱ በከፊል የሠሪዎቹ እንደሆነ አስረዳኋት። ጥሩ አድርጌ ነው ያስረዳሁት። ምሳሌ ሁሉ ሰጥቻለሁ።

ልብሷን እየተኮሰች ነበር። ለነገ። ካውያውን አቆመች፤ አየችኝ፤ ካውያውን እንደገና አነሳች።

«ጮሂ ከፈለግሽ» አልኩ።

መተኮሷን ቀጠለች። ዝምታ የሙያዬ አካል ነው፤ ስኖርበት ኖሬያለሁ። እንዲህ ያለውን ግን አላውቀውም። የተኮሰችውን ልብስ ወንበር ላይ ዘርግታ ገብታ ተኛች።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 22

ሁሉንም ልጻፈው።

ጠዋት ስነሳ ባለቤቴ ለብሳ፣ ተበጥራ፣ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣለች። በራሷ ስም ገብታለች፤ ፕሮግራሙን ግን እንቢ ብሏታል፤ የአስተዳዳሪውን የይለፍ ቃል ይጠይቃታል። ስልኩን ከፍታ ጠረጴዛው ላይ አድርጋዋለች። ዶክተር ነው። እኔን ሳትጠይቅ ነው የደወለችለት።

«እትዬ፣ ከጋሼ ሌላ አስተዳዳሪ የለም?»

«የለም» አልኩ ከኋላ። «አንድ ብቻ ነው የሠራሁት።» እንዲያው በዚያ ሰዓት እንኳን ድምፄ ውስጥ ትንሽ ኩራት ነበረች።

«እስቲ የአካውንቶቹን ዝርዝር ክፈቱና ከየስሙ ሥር ያለውን ያንብቡልኝ።»

ከፈተች። «የሱ፣ አስተዳዳሪ። የኔ፣ ተራ ተጠቃሚ። የእማዬ...» ቆመች። ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለች። «የእማዬ፣ አስተዳዳሪ።»

ክው አልኩ። ያ ቅዳሜ... ትከሻዬ ላይ ቆመው ስለ ጉልበታቸው ሲነግሩኝ... አስተዳዳሪ የሚለውን ነክቼ አልፌያለሁ ማለት ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ዓሣ አጥማጁ፣ ከረሜላው፣ ሁሉም ራሱ የመጣው ለዚህ ነው። እኔ እዚህ ስታገል፣ ለካ መንግሥቱ ያለው ሶፋው ላይ ነው!

ዶክተር በስልኩ ውስጥ ይስቃል። «በሳቸው ይግቡ፣ በሳቸው ይጫኑት፣ ለሁሉም ይሠራል» ብሎ ዘጋ።

አማቴ ሻይ ይዘው ቆመው ያዩን ነበር። «ምን አጠፋሁ?»

«አስተዳዳሪ ነሽ፣ እማዬ።»

«የምኑ?»

«የኮምፒውተሩ።»

ሻዩን አስቀመጡ። ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ታዲያ እስካሁን ለምንድን ነው የማይነገረኝ?»

ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። በስማቸው ገባን። ጽጌረዳው ስክሪኑን ሞላው። ባለቤቴ ፕሮግራሙን አስጀመረችና ሳጥኑ መጣ፣ በዚያ ባተለቅኩት ፊደል። ተርጉሜ አነበብኩላቸው፦ «ይህ ፕሮግራም በኮምፒውተርዎ ላይ ለውጥ እንዲያደርግ ይፈቅዳሉ?»

«ምን ዓይነት ለውጥ?»

«ትንሽ ለውጥ ነው፣ እማማ።»

«ማነው የላከው?»

«ሠሪው ድርጅት።»

«እናውቀዋለን?»

«አናውቀውም።»

«የማላውቀውን ሰው ቤቴ አስገብቼ ለውጥ አድርግ ልበለው?»

«እማማ፣ ዓሣ አጥማጁን አስገብተውታል እኮ።»

«እሱ ጨዋ ነው።»

ባለቤቴ ሰዓቱን አየች። «እማዬ፣ በናትሽ፣ አዎ በይው።»

እጃቸው ማውዙ ላይ ሄደ። ቀስቱ «አዎ» ላይ ደረሰ። ከዚያ እጃቸውን አነሱና ወደኔ ዞሩ።

«ቆይ። አንተ ይቅርታ ጠይቀሃታል?»

«ትናንት ተነጋግረናል።»

«እኔ አልሰማሁም። አንቺስ ሰምተሻል?»

ባለቤቴ ስክሪኑን እያየች ራሷን ነቀነቀች። አልሰማችም። አሰብኩ። እውነትም... ትናንት አስረዳሁ እንጂ ይቅርታ አልጠየቅኩም። ምሳሌ ሰጥቻለሁ፤ ሠሪዎቹን ወቅሻለሁ። ያቺን አንዲት ቃል ብቻ አላልኩም።

«እማማ፣ አሁን ጊዜ የለም፤ በኋላ...»

«እሷ ጊዜ የላትም፤ አንተ ግን አለህ። ጠይቃት።»

ሰው የሚበዛበት አዳራሽ ውስጥ ንግግር አድርጌ አውቃለሁ፤ ይህን ያህል አላስቸገረኝም።

«ቅዳሜ ስትለምኚኝ ወዲያው መጫን ነበረብኝ። ቀልዱ ቀልድ አልነበረም። ደስ ስላለኝ ነው... አንቺ ስትለምኚኝ ደስ ስላለኝ ነው። ይቅርታ።»

ዞር አለች። ጠዋቱን ሙሉ ያላየችኝን አሁን አየችኝ።

«ገባኝ» አለች። «እማዬ፣ አዎ በይው።»

አማቴ ጣታቸውን አንስተው፣ ማኅተም እንደሚመታ ሰው፣ «አዎ»ን ተጫኑ። አረንጓዴዋ መስመር መሄድ ጀመረች። እየዘገየች፣ እየቆመች፣ እንደገና እያዘገመች። ሦስታችንም ትንፋሻችንን ይዘን አየናት። ሞላች።

ወጥተን በሩን ዘጋንላት። ኮሪደሩ ላይ ቆምን። አማቴ በየመሀሉ «ምን አለቻቸው?» ይሉኛል፤ እኔ ጣቴን አፌ ላይ አደርጋለሁ፤ ይህን እንኳን እችልበታለሁ። በበሩ በኩል ድምጿ ይሰማል። መጀመሪያ ቀጭን ነበር። ከዚያ ንድፉ ውስጥ ስትገባ ወፈረ፣ ተደላደለ።

«ጀማሪ እጅጌ የሚቆርጠው እጅ ተንጠልጥሎ እያየ ነው» ስትል ሰማሁ። «ሰው ግን ቀኑን ሙሉ እጁን አንጠልጥሎ አይውልም። ያነሳል፣ ይዘረጋል፣ ሰው ያቅፋል። እጅጌ የሚታሰበው እጁ ሲነሳ ነው።»

አንዱ ፈታኝ የሆነ ነገር ጠየቃት፤ መለሰች፤ ሳቁ። እሷም ሳቀች።

የለበስኩትን ሸሚዝ እጅጌ አየሁ። ሸሚዞቼን ሁሉ የሰፋችው እሷ ናት። አብረን ስንኖር ከላይኛው መደርደሪያ መጽሐፍ ሳወርድ ለምን ብብቴ ላይ እንደማይዘኝ ጠይቄያት አላውቅም። እንዲያው ሸሚዝ እንዲህ ነው ብዬ...

ዓርብ፣ ጥቅምት 23

እስካሁን አልደወሉም። ስልኩን ሦስታችንም እያየነው ነው።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 24

ባለቤቴ በእናቷ ሥልጣን ገብታ የኔን ያማረ ዓረፍተ ነገር ሰረዘችው። በምትኩ አዲስ አስቀመጠችልኝ፤ አራት ቁጥር። «አይጠፋህም» አለች። የተጋባንበት ዓመት ነው። ለማስታወስ ትንሽ ማሰብ ነበረብኝ፤ አየችብኝ።

እግረ መንገዷን ከስሜ ሥር የተጻፈውን ቀየረችው። እሷ አስተዳዳሪ፣ እኔ ተራ ተጠቃሚ። እናቷን ደግሞ፣ «አንቺንም ተራ ላድርግሽ? ኃላፊነት ነው፣ ይከብድሻል» አለቻቸው።

«ምን አጥፍቼ?» አሉ አማቴ። ከሥልጣናቸው አልወረዱም።

ሰኞ፣ ኅዳር 3

ከሰዓት በኋላ፣ ቤተ መጻሕፍት፣ የንባብ አዳራሹ መሀል ላይ ስልኬ ጮኸ። ድምፁን ማጥፋት ረስቼ አላውቅም። አንባቢ ሁሉ ቀና አለ። ባለቤቴ ናት።

«ተቀበሉኝ!»

«እሰይ!» አልኩ። ጮክ ብዬ። እዚያው እንደቆምኩ። አንድ አንባቢ ጣቱን አፉ ላይ አድርጎ «እሽሽ» አለኝ። ልክ ነው። አመሰገንኩት።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 4

ስፌት ቤቱ ሄዳ መልቀቋን ነገረች። ባለቤቱ «ንድፎቹን ግን ትተሽልኝ ትሄጃለሽ» አላት። «የትኞቹን? አንተ ያሰብካቸውን?» ብላው ወጣች። እራት ላይ ሦስት ጊዜ አስደገምናት። በሦስተኛው አማቴ የባለቤቱን ፊት ሠርተው አሳዩን፤ አይተውት አያውቁም እኮ።

መጽሐፉንም ዛሬ መልሼ መዘገብኩት። ምደባው አላስቸገረኝም፤ ኮምፒውተር ከሚባለው መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት። በልቤ ግን ቤተሰብ ከሚለው ጋ ነበር የሚሄደው።

ሰኞ፣ ኅዳር 17

ማስተማር ከጀመረች ሳምንት አለፋት። ቀኑን ቤት ዋልኩ፤ አንድ ጽሑፍ ማተሚያ ፕሮግራም ልጭን ብዬ ሳጥኑ መጣብኝ። የአስተዳዳሪ ፈቃድ። ሁለት አስተዳዳሪ አለኝ። አንዷ ክፍል ውስጥ ናት፣ አልደውልም። ሌላዋን ጠየቅኩ። «እሷ ትምጣና እንመካከርበታለን» አሉኝ፣ ከከረሜላው ሳይነቀሉ።

አመሻሽ ላይ ገባች። ጣቶቿ ላይ የጠመኔ ብናኝ። ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ፣ «ዛሬ የምፈቅድልህ ነገር አለ?» አለችኝ።

ነበረ። ከጠዋት ጀምሮ በልቤ አዘጋጅቼዋለሁ፣ ከነምክንያቱ። ግን ፊቷን አየሁትና...

«ተማሪዎችሽ እንዴት ዋሉ?» አልኩ።

ተቀመጠች። አንዷ ሁለት የግራ እጅጌ ቆርጣለች። አንዱ ልጅ የቆረጠውን ደጋግሞ እያየ ጨርቁን ይወቅሳል፤ «ካንተ ጋ ይመሳሰላል» አለች። ሌላዋ እንደምንም ሰፍታ ለብሳው መጣች፤ እጇን ማንሳት አትችልም፤ ጥያቄ ሲኖራት በራሷ ነው የምትጠቁመው። ሳቅን። ራቱ ቀዘቀዘ፣ አሞቅነው፣ እንደገና ቀዘቀዘ። ይህን ሁሉ ነገር ቀን ቀን በጭንቅላቷ ይዛ ትዞር እንደነበር አሁን ነው የሚገባኝ። ስፌት ቤቱ ሳለችም እንዲህ ያለ ወሬ ሳይኖራት አልቀረም። ማን ጠየቃት?

ከዚያ ተነሳች። «ነገ ለነሱ የማሳይበት በደንብ የተቆረጠ እጅጌ እፈልጋለሁ። ያንን ሸሚዝህን አታውልቀው። እዚህ ቁም። እጅህን አንሳ።»

ሁለቱንም አነሳሁ። ብብቴ ሥር በጠመኔ ምልክት ማድረግ ጀመረች፤ ያስቀኛል፤ አልሳቅኩም።

አማቴ ከኮምፒውተሩ ዞር አሉ። ሁለት እጁን ሰቅሎ መሀል ሳሎን የቆመውን አማቻቸውን ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ዛሬ ደግሞ ምን አጥፍቶ ነው?»

«ምንም፣ እማዬ። ልኬት ነው።»

«ላውርድ?» አልኳት።

«አልፈቀድኩም» አለች፣ ጠመኔውን በከንፈሯ ይዛ።

አላወረድኩም።